አንድ ዘፈን፣ ብዙ ክፍል፦ የዲዝኒው የጀልባ ጉዞ

መዝናኛ ፓርክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መሽከርከሪያውና ጩኸቱ ነው። ዛሬ ግን ወደ ሙዚቃው እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ዋልት ዲዝኒ ለዩኒሴፍ መታሰቢያ «ኢትስ ኤ ስሞል ዎርልድ» የተባለ የጀልባ ጉዞ አቀረበ። ጎብኚው በጀልባ ሆኖ የየአገሩን ልብስ በለበሱ አሻንጉሊት ሕፃናት መሀል ያልፋል። መጀመሪያ የታሰበው ሁሉም የየአገራቸውን ብሔራዊ መዝሙር እንዲዘምሩ ነበር። ባንዴ ሲሰማ ግን ጫጫታ ብቻ ሆነ! (ሦስት ሞንታርቦ ጎን ለጎን የተለያየ ዘፈን ሲለቁ አስቡት።)

ዲዝኒ ሪቻርድና ሮበርት ሸርማን ለተባሉት ወንድማማቾች አንድ ቀላል ዘፈን እንዲሠሩ ነገራቸው። የሠሩት ዘፈን ስንኙና አዝማቹ እኩል ቢዘፈኑ እንኳ ይስማማሉ። ስለዚህ ከክፍል ወደ ክፍል ስትሻገሩ ቋንቋው ጃፓንኛ፣ ጣልያንኛ፣ ስፓኒሽ እያለ ይቀየራል፤ ዜማው ያው ነው። ከኋላ የሚቀረው ድምፅ ከፊት ከሚመጣው ጋር ይገጥማል እንጂ አይጣላም። ለእኛ ከአሻንጉሊቶቹ ይልቅ የሚገርመው ይሄ ነው።

ጉዞው ከ1966 ጀምሮ በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ አለ። ዘፈኑ ከጭንቅላታችን አልወጣ አለ ብለው የሚያማርሩ ጎብኚዎችም እንዲሁ።