የዱንጉዛ ኅብርና የሠራተኛ ዓይን

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በተበላ ከተማ፣ እንደ መላው ወላይታ ሁሉ፣ በመስከረም የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ ሲከበር አደባባዩን የሚሞላው የዱንጉዛ ልብስ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሩ ተሰልፎ ሲታይ ለተመልካቹ የበዓል ጌጥ ቢሆንም፣ በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብል ለሚውለው ሸማኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የዓይን ሥራ ነው።

ሦስቱ ኅብር ለዓይን ዕረፍት ታስበው ተመረጡ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን በቀይ ፈትል ላይ ለረጅም ጊዜ ያተኰረ ዓይን ወደ ነጭ ጥጥ ዘወር ሲል አረንጓዴ መሰል ጥላ ማየቱ፣ ጥቁሩም እንደ ጎረቤቱ ቀለም አንዴ ደምቆ አንዴ ደብዝዞ መታየቱ፣ ከሽመና ዕቃ ፊት የተቀመጠን ሁሉ የሚገዛ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ይህንን ምስጢር በመጽሐፍ ያብራራው ፈረንሳዊው ሊቅ ሼቭረል፣ እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ በጎብላን የሥጋጃ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ሹም ሆኖ፣ ጥቁሩ ክር ደክሟል የሚል አቤቱታ ቢቀርብለት፣ መርምሮ ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከአጠገቡ ካሉት ቀለማት መሆኑን ተረዳ፤ መጽሐፉም በ1839 ታተመ። ሊቁን ያስተማረው የሽመና ቤት እንጂ ቤተ መጻሕፍት አለመሆኑ እኔን ደስ ያሰኘኛል።

ከሌላው ተመልካች ልዩ የሚሆነው፣ በእናቱ በኩል በወረሰው ጉድለት ቀይን አደብዝዞ የሚያይ ወንድ ነው፤ ለእርሱ የዱንጉዛው ቀይ ከጥቁሩ ጋር እየተቀላቀለ፣ ቢጫው ብቻ ጎልቶ ይታየዋል።

የጸሐፊነት ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተሻገረ ጊዜም ይኸው የሸማኔ ዓይን ጥላ በአዲስ መልክ ተመለሰ፤ በጥቁር መስተዋት ላይ አረንጓዴ ፊደል ያበሩ በነበሩት በቀድሞዎቹ ስክሪኖች ላይ አፍጥጦ የዋለ ሠራተኛ፣ ቀና ሲል ነጩ ወረቀት ሮዝ መስሎ ይታየው ነበር። የዛሬው ስክሪን ኅብሩ ቢበዛም ሌላ ዕዳ አመጣ፦ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገብ የነበረው የዓይን ቆብ፣ ሠራተኛው ወደ ስክሪኑ ባፈጠጠ ጊዜ እስከ 5 ድረስ ዝቅ ስለሚል፣ እንባው ይደርቃል፣ ዓይኑም ይቆጠቁጣል። ሐኪሞችም በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ወደ ራቀ ነገር መመልከትን ያዝዛሉ። የተበላ ጸሐፊ ግን ሜትር መቁጠር አያስፈልገውም፤ በአካባቢው ያለው፣ ተራቁቶ የነበረው የሁምቦ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተከልሎ፣ በ2,728 ሄክታር ላይ ጉቶው አቆጥቁጦ ደን ሆኗልና፣ ከደጃፍ ወጥቶ ቀና ማለት ይበቃዋል።