ዜና ፖካሆንታስ

ይህ የፖካሆንታስ አውራጃ ዜና ነው። አገሩ በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በአፓላቺያ ተራሮች መካከል ይገኛል፤ ስፋቱ 942 ካሬ ማይል ነው፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቡ 8 ሺህ አልሞላም። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ግሪንብራየርን፣ ጎሊን፣ ኤልክን፣ ክራንቤሪንና ዊሊያምስን ጨምሮ ስምንት ወንዞች ከደጋው ስለሚመነጩ ሰዎቹ አገራቸውን የወንዞች መወለጃ ይሉታል። በ1749 ጃኮብ ማርሊንና ስቲቨን ሱወል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተራራውን ተሻግረው መጡ፤ ጎጆም ቀልሰው ተቀመጡ። እንደሚነገረውም በሃይማኖት ነገር ተጣሉና ሱወል ከጎጆው ወጥቶ በአንድ ትልቅ ዛፍ ባዶ ግንድ ውስጥ ማደር ጀመረ፤ በ1751 መሬት ቀያሹ አንድሩ ልዊስ ሲደርስ እንደ ተለያዩ አገኛቸው። በማርሊን ስም የተጠራችው ማርሊንተን ዛሬ የአውራጃው መቀመጫ ናት። አውራጃው የተቋቋመው በ1821 ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ከፓውሃታን አለቃ ልጅ ከፖካሆንታስ ነው፤ የእርሷ አገር ግን በምሥራቅ በባሕሩ ዳር ያለው ቆላ እንጂ ይህ ደጋ አልነበረም።

ዛሬ ወደዚህ አገር ጎብኚ ይመጣል። አንዱ በእንፋሎት ባቡር ተራራ ለመውጣት፣ ሌላው በወንዝ ዳር በብስክሌት ለመጓዝ፣ ሌላው የጦር ሜዳ ለማየት፣ ሌላውም ሰማይን የሚያዳምጠውን ትልቁን ቴሌስኮፕ ለመመልከት ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው፣ ቅርስ ማለት አሮጌ ነገር ነው፤ ነገር ሲያረጅ በራሱ ቅርስ ይሆናል ብሎ ያስባል። እኔ ግን የዚህን አውራጃ ዜና መርምሬ የማገኘው ሌላ ነው። ነገር ሲያረጅ ይበሰብሳል፣ ይሸጣል፣ ወይም ይቃጠላል። ቅርስ የሚሆነው፣ ለባለቤቱ አይረባም በተባለበት በዚያች አጭር ጊዜ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ይቀመጥ ብሎ የወሰነለት ብቻ ነው። ማስረጃውንም ከካስ ከተማ እጀምራለሁ፤ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ በዚያ ጎልቶ ይታያልና።

ካስ የተቆረቆረችው በ1901 ነው። የቆረቆራትም የዌስት ቨርጂኒያ ፐልፕና ወረቀት ኩባንያ ነው። በተራራው ላይ ቀይ ስፕሩስ የሚባለው የጥድ ወገን ደን ጥቅጥቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ኩባንያው ያንን እየቆረጠ ከፊሉን በካስ በመሰንጠቂያው ሳንቃ ያደርግ ነበር፤ ከፊሉንም ለወረቀት እንዲሆን ተራራውን አሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ወደ ኮቪንግተን ይልክ ነበር። መሰንጠቂያው በ1902 ሥራ ጀመረ። ለሠራተኞቹም አንድ ዓይነት የሆኑ ነጫጭ የእንጨት ቤቶች በረድፍ ተሠሩላቸው፤ ቤቱም ሱቁም የኩባንያው ነበር። ግንዱን ከተራራ የሚያወርደው ሼይ የሚባለው ባቡር ነበር። ሌላው ባቡር ፒስተኑ መንኮራኩሩን በቀጥታ ሲገፋ፣ የሼይ ፒስተኖች ግን በጎኑ ቆመው ረጅም ዘንግ ያዞራሉ፤ ዘንጉም በጥርስ አማካይነት መንኮራኩሮቹን ሁሉ ያሽከረክራል። ስለዚህ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው፤ በ100 ሜትር 11 ሜትር የሚያሻቅበውን ዳገት ግንድ የተጫኑ ፉርጎዎችን ይዞ ይወጣል። ዳገቱ እጅግ በጠናበት ስፍራ ሐዲዱ ዚግዛግ ተዘርግቷል፤ ባቡሩ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ እየሄደ 1,476 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ቦልድ ኖብ ጫፍ አቅራቢያ ይደርሳል።

እንዲህ ሲሠራ ዘመን አለፈ፤ ደኑም አለቀ። በ1942 ኩባንያው ሥራውን ለሌላ የእንጨት ድርጅት ሸጠ፤ በ1960 መሰንጠቂያው ቆመ። ሐዲዱም ባቡሮቹም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንዲሆኑ ታሰበ። በዚህ ጊዜ ባቡር ወዳዶች ተነሡ፤ የአገሩንም ነጋዴዎች አስተባብረው ለግዛቲቱ ምክር ቤት፣ ይህ ባቡር ለቁራጭ ከሚሸጥ ሰው ይጫንበት ብለው ተከራከሩ። ግዛቲቱም በ1961 ሐዲዱንና ባቡሮቹን ገዛች፤ በ1963 የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች፣ ለመቀመጫ እንዲሆኑ በተለወጡት በግንድ ፉርጎዎች ላይ ተሳፍረው ወጡ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው አንድ ነገር አለ። መሰንጠቂያውና ባቡሩ ከአንድ ዘመን የመጡ፣ የአንድ ባለቤት ንብረት የነበሩ፣ በአንድ ሰሞንም ሥራ የፈቱ ናቸው። እንዲያውም የከተማይቱ ልብ መሰንጠቂያው ነበር፤ ባቡሩ ለእርሱ ግንድ አቅራቢ ነበረ። በ1961 የተገዛው ግን ባቡሩ ነው። መሰንጠቂያው ሥራ ፈትቶ እንደ ቆመ በኋላ በእሳት ጠፋ፤ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሹና የዛገ ብረቱ ነው። ዕድሜ ቅርስን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በቆሙ ነበር።

በወንዙ ዳር ያለውም መንገድ ይህንኑ ይመሰክራል። የቼሳፒክና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ በግሪንብራየር ወንዝ ዳር የዘረጋው ሐዲድ የዚህን ሁሉ እንጨት ማውጫ በር ነበር፤ በ1978 ኩባንያው መስመሩን ተወው። ግዛቲቱም ሐዲዱ የተነቀለበትን መደብ ተረክባ የእግር፣ የብስክሌትና የፈረስ መንገድ አደረገችው፤ ርዝመቱም 125 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡር እንዲሄድበት የተደለደለ መሬት ዳገት ስለማይበዛበት ሽማግሌም ሕፃንም ይሄድበታል። መደቡ ተቆራርሶ ለየባለመሬቱ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ አጥር ብቻ መንገዱን ሁሉ ከንቱ ባደረገው ነበር።

ወደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነገር እንለፍ። ዌስት ቨርጂኒያ ከቨርጂኒያ ተለይታ ግዛት የሆነችው በሰኔ 1863 ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 6 ቀን የሰሜኑ ጄኔራል ዊሊያም አቨረልና የደቡቡ ጄኔራል ጆን ኤኮልስ በድሩፕ ተራራ ላይ ተጋጠሙ። ኤኮልስ ተራራውን ቀድሞ ይዞ ነበር፤ አቨረል ግን በጦር ብዛት ይበልጠው ነበርና እግረኛውን በኮሎኔል ኦገስተስ ሙር አዝማችነት በጫካ አዙሮ በደቡቦቹ ግራ ጎን ላከው። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተፈታ፤ ኤኮልስም ወደ ደቡብ ሸሸ። ከውጊያው በኋላ ሜዳው ተመልሶ ጫካና ግጦሽ ሆነ። በዚያ ቀን በ10ኛው የዌስት ቨርጂኒያ እግረኛ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር የነበረው ጆን ሱተን ግን በስተርጅና የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ፣ ጓዶቹ የወደቁበት ስፍራ ተለይቶ እንዲጠበቅ ተጋ። በሐምሌ 4 ቀን 1928 የድሩፕ ተራራ የጦር ሜዳ ተመርቆ የግዛቲቱ የመጀመሪያ ፓርክ ሆነ። ከጦርነቱ እስከ ምርቃቱ 65 ዓመት ገደማ አለፈ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስፍራው እያረጀ ነበር፤ ማንም ግን ቅርስ አላለውም።

ከድሩፕ ጥቂት ራቅ ብሎ በሂልስቦሮ፣ ደራሲዋ ፐርል ባክ በሰኔ 26 ቀን 1892 የተወለደችበት ነጭ ቤት አለ። ቤቱን የሠሩት ከኔዘርላንድ የመጡት የእናቷ ወገኖች ስታልቲንጎች ናቸው። ወላጆቿ በቻይና ወንጌል ሰባኪዎች ስለነበሩ ገና በጨቅላነቷ ወደዚያ ወሰዷት፤ ስሟ በዓለም የታወቀውም የቻይናን ገበሬ ኑሮ በመጻፏ ነው፤ በ1938 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በዚህ ቤት የኖረችው ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም ቤቱ ቤተ መዘክር ሆኖ ይጎበኛል። ይህም የሆነው፣ የዚያ ቤት ታሪክ ሊነገር ይገባል ያሉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው፤ ቤቱ እድሜው ብዙ ስለሆነ ቢሆን ኖሮ በዙሪያው ያሉት የገበሬ ቤቶች ሁሉ በተጠበቁ ነበር።

አሁን የተቃዋሚን ቃል እንስማ። ቤትና ባቡር የሰው ሥራ ስለሆነ የሰው ውሳኔ ይሻል፤ ይህ አውራጃ የሚጎበኘው ግን ስለ ተራራውና ስለ ደኑ ነው፤ ያ ደግሞ ከእግዚአብሔር የተሰጠ እንጂ በሰው ሸንጎ የቆመ አይደለም የሚል ይኖራል። ተራራውስ እውነት ነው። ደኑ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ጎብኚ ከባቡሩ መስኮት የሚያየው አረንጓዴ የጥንቱ ደን ሳይሆን ከተቆረጠ በኋላ የበቀለ ነው። መጥረቢያና መጋዝ ካለፈ በኋላ የቀረው ቅርንጫፍ በእሳት ተያያዘ፤ አፈሩ ተጋለጠ፤ ጎርፍ ወደ ታች አገር ወረደ። በዚህ ምክንያት በ1911 ዊክስ የሚባለው ሕግ ወጣ፤ የፌዴራሉ መንግሥት የወንዞችን ምንጭ ለመጠበቅ መሬት እንዲገዛ ተፈቀደለት፤ በ1920ም የሞኖንጋሂላ ብሔራዊ ደን ተቋቋመ። ኋላም በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጡ ወጣቶች በመንግሥት ተቀጥረው ዋቶጋ በሚባለው ፓርክ መንገድና የእንጨት ጎጆ ሠሩ። ስለዚህ አረንጓዴው ራሱ ግዢና ሕግ አለበት።

ከዚህ የሚበልጥ መከራከሪያም አለ፤ እርሱን ማለፍ አልፈልግም። በአውራጃው ሰሜን ጫፍ፣ ከራንዶልፍ አውራጃ ጋር በሚዋሰንበት፣ ጎዲኒር የሚባል ስፍራ ያልተቆረጠ የጥንት ስፕሩስ ቆሟል። ይህን ያዳነው የማንም ውሳኔ አይደለም፤ የቀያሽ ስሕተት ነው። መሬቱ ሲለካ ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን እንደሚለያዩ ሳይታሰብ ቀረና በሁለት ይዞታዎች መካከል እንደ ሽብልቅ የሾለ ቁራጭ መሬት ከካርታ ውጭ ሆነ፤ ዙሪያው ሲጨፈጨፍ እርሱ ተረፈ። ታዲያ ዕድል አዳነው አይባልምን? እላለሁ፦ ዕድል ከመጋዝ አድኖታል። ከዚያ በኋላ ግን ማን እንደ ጠበቀው ይጠየቅ። ስሕተቱ ሲታወቅ ዛፎቹ ገና ውድ ነበሩ፤ በመጨረሻ መንግሥት እጅ ገብተው በሕግ ተከልለው ባይቀመጡ ኖሮ ሽብልቁም እንደ ጎረቤቱ በሆነ ነበር። ዕድል ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ ግን ያው ውሳኔ ይጠየቃል።

ሌላው መከራከሪያ የእንጀራ ነገር ነው፤ ይህ ልብ ይነካል። በ1920 ቆጠራ አውራጃው 15 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ አሁን ከዚያ ወደ እኩሌታው ወርዷል። የጎብኚ ገበያ ወቅት ይመርጣል፤ በጋ ባቡሩ፣ ክረምት በ1974 በተከፈተው በስኖሹ ተራራ የበረዶ መንሸራተቻው ይሠራል፤ በመካከሉ ያለው ወር ደረቅ ነው። አልጋ የሚያነጥፍና ምግብ የሚያቀርብ ሰው የሚያገኘው ደመወዝ የመሰንጠቂያውን ሠራተኛ ቤተሰብ ካስተዳደረው ጋር አይወዳደርም ቢባል አልክድም። ቢሆንም መሰንጠቂያውን የዘጋው ጎብኚ አልነበረም፤ የደኑ ማለቅ ነው። ከዛፍ ቆረጣ የሚገኘው እንጀራ ዛፉን የሚበላ ነበር፤ በስድሳ ዓመት ውስጥም ራሱን ጨርሶ ሄደ። ስለዚህ ባቡሩን ያዳኑት ሰዎች ካንድ ትልቅ እንጀራ ይልቅ ትንሽ እንጀራ መርጠው አይደለም፤ ያኔ በገበታው የቀረው ትንሹ ብቻ ነበር።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በካስ የቀሩት የሠራተኛ ቤቶች ነገር ነው። ዛሬ ለጎብኚ ማደሪያ ይከራያሉ፤ የኩባንያው ሱቅም የመታሰቢያ ዕቃ ይሸጥበታል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የባቡሩን ፉጨት የሚሰማ ሰው፣ በዚያ ቤት የኖረው ሰው በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 11 ሰዓት ይሠራ እንደ ነበር፣ ሥራውን ሲያጣም ቤቱ የኩባንያው ስለሆነ ቤቱንም ያጣ እንደ ነበር ካልተነገረው፣ ያየው ቅርስ ግማሽ ነው። ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ዕቃውን ያድናል፤ ምን ይነገር የሚለው ግን ሁለተኛ ውሳኔ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ እንደገና ይወሰናል። በድሩፕም እንዲሁ ነው፤ የመድፉን ስፍራ እያሳዩ ጦርነቱን ያስነሣውን የባርነትን ነገር መዝለል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ተራራው ብቻ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ በእኛ ዘመን የተጠየቀበትን፣ ትልቁ ቴሌስኮፕ ያለበትን የግሪን ባንክን ዜና እጽፋለሁ። በ1950ዎቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከከዋክብት የሚመጣውን የሬድዮ ሞገድ የሚያዳምጡበት ጸጥ ያለ ስፍራ ፈለጉ፤ ተራሮች የከበቡትን፣ ሰውም ያልበዛበትን ይህን ሸለቆ መረጡ። በ1958 በ13,000 ካሬ ማይል ላይ የሬድዮ ጸጥታ ቀጠና ታወጀ። በ1960 ፍራንክ ድሬክ በዚሁ ስፍራ፣ 26 ሜትር በሆነ ሳሕን፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ድምፅ ካለ ብሎ ሁለት ከዋክብትን አዳመጠ። በኅዳር 15 ቀን 1988 ሌሊት በዚያው የነበረ ባለ 91 ሜትር ቴሌስኮፕ በድንገት ፈረሰ፤ በምትኩም የተሠራው፣ ሳሕኑ 100 በ110 ሜትር የሆነው፣ በ2000 ተመረቀ። ከቴሌስኮፖቹ አጠገብ በናፍጣ የሚሠራ መኪና ብቻ ይገባል፤ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ብልጭታ የሰማዩን ድምፅ ያውካልና። ለዚህ ጸጥታ የሚከፍሉት ግን ሳይንቲስቶቹ ብቻ አይደሉም፤ የሸለቆው ነዋሪ የሞባይል ስልክ ሳይኖረው ኖሯል፤ በአደጋ ጊዜ የሚደረገው ግንኙነትም አስቸግሮታል። በ2012 የብሔራዊ ሳይንስ ተቋም ያሰባሰባቸው ሊቃውንት፣ በጀት እንዲቆጠብ ተቋሙ ከዚህ ቴሌስኮፕ እጁን እንዲያወጣ መከሩ፤ በ2016 ማዕከሉ ለብቻው ቆሞ ከሌሎች ወገኖችም ገንዘብ እየፈለገ መሥራት ጀመረ። ከካስ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ትልቁ ሳሕን አሁንም ይዞራል፤ ያዳምጣልም።