የሒሳብ ቀመር በአማርኛ ገጽ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በይፋት ቆላ በመስኖ ሽንኩርቷ የታወቀች ናት። በአካባቢው ለሚማር ሕፃን የሽንኩርት ማሳ ቅርብ የሒሳብ ምሳሌ ነው። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 25 ሜትር የሆነ ማሳ 1000 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በግዕዝ አኃዝ ግን ይኸው ስሌት ፵፣ ፳፭ እና ፲፻ ተብሎ ይጻፋል። ይህ አኃዝ ዜሮና የቦታ ዋጋ ስለሌለው ለጽሑፍ ስሌት አይመችም። በመሆኑም የአማርኛ የሒሳብ መጽሐፍ የአገሩን ፊደልና የውጭውን አኃዝ በአንድ ገጽ ማስማማት ግድ ሆነበት።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመበት ዘመን ኅትመት የእርሳስ ፊደል ሥራ ነበር። ክፍልፋይ መደርደር አድካሚ ቢሆንም፣ ያለቀ ፊደል ቢኖር ለቃሚው ባዶውን ሳጥን በዓይኑ ያየው ነበር።

አሜሪካዊው የሒሳብና የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ ያደረገው ቴክ የተባለው ሥርዓት የቀመርን አደራደር ለኮምፒዩተር አስተማረ። በ1990ዎቹ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር የግዕዝን ፊደል ለዚህ ሥርዓት አዘጋጁ። በ1999 ደግሞ ፊደሉ በዩኒኮድ ውስጥ ተመዘገበ።

ችግሩ ግን በቀመሩ ውስጥ ቀረ። ቴክ ቀመርን የሚጽፈው ለሒሳብ በተለየ የፊደል ቅርጽ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል የለም። ያላገኘውን ፊደል ባዶ አድርጎ ያልፋል፤ ማስታወሻውንም በሥራ መዝገቡ ፋይል ያሰፍራል። የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ «ሽ» ቢባልና ቀመሩ 2ሽ + 20 = 140 ቢሆን፣ በገጹ ላይ የሚወጣው 2 + 20 = 140 ነው። መልሱ 60 መሆኑን ሊያገኝ የሚችለው ተማሪ በታተመ ሐሰት ፊት ይቆማል፤ መጽሐፉን ከመጠርጠር ይልቅም ራሱን ይጠረጥራል።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ የአማርኛው ቃል በቀመሩ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲጻፍ ማዘዝ፤ ሁለተኛ፣ የሥራ መዝገቡን ማንበብ፤ ሦስተኛ፣ የጠፋ ፊደል ሥራውን በስሕተት እንዲያስቆም ማድረግ ሲሆን፣ ይህን የሚፈቅደው ትእዛዝ ከ2021 ወዲህ አለ። ከሁሉም በላይ ግን አራሚው ቀመሩን በዓይኑ ከማየት አልፎ በእጁ ሊያሰላው ይገባል። የድሮው ለቃሚ ባዶ ሳጥኑን ያይ ነበር፤ የዛሬው አራሚም ባዶውን ቦታ ፈልጎ ማግኘት አለበት።