በታርጋ ላይ የሚናገረው ማነው?

«ታርጋ» የምንለው ቃል ከጣሊያኖች የወረስነው ነው። እንደ «ፍሬን»ና እንደ «ፍሪሲዮን» ሁሉ ከመኪናው ጋር ገብቶ እዚሁ ቀረ። በእኛ አገር ታርጋ ለብዙ ዓመታት ሲናገር የኖረው ስለ መኪናው ሥራ ነው። ቀዩ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የቤት መኪና፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት። ባለቤቱ የሚለው ነገር ካለው ሌላ ቦታ ይፈልጋል። የቅዱሳን ሥዕል፣ የኳስ ቡድን ስም፣ ለእናት የቀረበ ምስጋና፣ ለምቀኛ የተወረወረ ጥቅስ፣ ሁሉም በመስተዋቱ ወይም በግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ታርጋው የመንግሥት፣ መስተዋቱ የባለቤቱ፤ ድንበሩ የታወቀ ነው።

ይህ ድንበር የተደበላለቀበት አንዱ አገር አሜሪካ ነው። እዚያ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ስሙን ወይም ቀልዱን በታርጋው ላይ ማስጻፍ ይችላል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የጥጋበኛ ጨዋታ ይመስላል። ታሪኩን ለተከታተለ ግን ከሥሩ አንድ ቁም ነገር አለ። በመኪናው ላይ የተለጠፈው ቃል የማን ነው? የባለመኪናው ወይስ የመንግሥት? በዚህ ጥያቄ ምክንያት ሰው ታስሯል፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ከመነሻው እንጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1901 የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት መኪና ሁሉ እንዲመዘገብ ሕግ ሲያወጣ ቁጥር አልሰጠም። ባለቤቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ከመኪናው ኋላ እንዲያኖር ብቻ አዘዘ። ታርጋውንም የሚሠራው ራሱ ባለቤቱ ነበር፤ የቻለ በብረት፣ ያልቻለ በእንጨት ወይም በቆዳ። በዚያ ዓመት የተመዘገቡት መኪኖች 954 ብቻ ስለነበሩ ለጊዜው ብዙ አላስቸገረም። መኪናው ሲበዛ ግን በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚጠራውም ሰው በዛ። በ1903 ፊደሉ ቀርቶ ቁጥር ተተካ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ታርጋውን ራሱ እያሠራ ማደል ጀመረ። ስለዚህ ቢያንስ በኒውዮርክ ታርጋ በሰው ስም ተጀምሮ ነው ወደ መንግሥት ቁጥር የተለወጠው።

ስሙ ተመልሶ የመጣው በ1931 ነው። በዚያ ዓመት የፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ባለመኪኖች የስማቸውን ፊደላት እንዲያስጽፉ ፈቀደ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት፤ ለግምጃ ቤቱ ገቢ፣ ለባለመኪናው ደስታ ነበረውና። በ2007 በተደረገ ቆጠራ ከሁሉም ቀዳሚ ሆና የተገኘችው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂንያ ነበረች። ከ100 መኪና 16ቱ ያህል ባለቤቱ የመረጠውን ቃል ተሸክመው ይሄዱ ነበር።

ምርጫው ጣጣ ያመጣበትም አለ። በ1979 አንድ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ የማመልከቻ ቅጹን ሲሞላ ሁለት ቃላት መረጠ። ሦስተኛ ምርጫ የሚለው ቦታ ላይ ግን፣ ሁለቱ ከሌሉ ሌላ አልፈልግም ለማለት፣ «ኖ ፕሌት» ማለትም «ታርጋ የለም» ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ምርጫዎች ተይዘው ስለነበር መሥሪያ ቤቱ «ታርጋ የለም» የሚል ታርጋ ሠርቶ ሰጠው። የከተማው ፖሊሶች ደግሞ ታርጋ የሌለው መኪና ሲቀጡ በቅጣት ወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ይህንኑ ቃል ነበር። የሰውየው ቤት ከየአቅጣጫው በመጣ የቅጣት ወረቀት ተጥለቀለቀ፤ ብዛቱም ወደ 2,500 ደረሰ።

ገንዘብ የተረፈው ደግሞ ቃሉን ትቶ ቁጥሩን ይገዛል። በ2008 በደላዌር ክፍለ ግዛት ቁጥር 6 ታርጋ በ675,000 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት በአቡ ዳቢ ቁጥር 1 በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም በጨረታ ሄደ። ሰውን ከሰው ለመለየት የወጣው ቁጥር ሰውን ከሰው ለማስበለጥ ዋለ ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው ባለመኪናው በፈቃዱ የሚናገረውን ነው። መንግሥት በባለመኪናው ታርጋ ሲናገርስ? የኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቤት መኪኖች ታርጋ ላይ «በነፃነት ኑር ወይም ሙት» የሚለውን መፈክር ያትም ጀመር። ቃሉ የነፃነት ጦርነት ጀግና የነበሩት ጄኔራል ጆን ስታርክ በ1809 ከጻፉት መልእክት የተወሰደ ነው። ጆርጅ ሜናርድና ባለቤቱ ማክሲን ግን የይሖዋ ምስክሮች ነበሩ። ለሜናርድ ከነፃነት ሕይወት ይበልጣል፤ ስለዚህ መፈክሩን በፕላስተር ሸፈነው። በ1974 ተከሰሰ። ደግሞ ተከሰሰ። መቀጮውን አልከፍልም ስላለ 15 ቀን ታሰረ። «በነፃነት ኑር» የሚለውን ቃል አልሸከምም ያለ ሰው ነፃነቱን አጣ። ታርጋውንም የሚሠሩት የክፍለ ግዛቱ እስረኞች መሆናቸው ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል።

በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ ለ3 ለሜናርድ ፈረደ። መንግሥት የዜጋን መኪና የራሱ እምነት ማስታወቂያ ተሸካሚ ሊያደርግ አይችልም አለ።

38 ዓመት ቆይቶ ጥያቄው ተገልብጦ መጣ። በቴክሳስ የባርነትን ሥርዓት ለማቆየት የተዋጉት የደቡብ ተገንጣይ ወታደሮች ዘሮች ማኅበር፣ የተገንጣዮቹ ባንዲራ ያለበት ታርጋ እንዲታተምለት ጠየቀ። የክፍለ ግዛቱ ቦርድ፣ ባንዲራው ብዙ ሰው ያስቀይማል በማለት ከለከለ። ማኅበሩ የመናገር መብቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 18 ቀን 2015 በ5 ድምፅ ለ4 ታርጋ የመንግሥት ንግግር ስለሆነ መንግሥት የማይፈልገውን ቃል እንዲያትም አይገደድም ሲል ወሰነ። ውሳኔው በተነገረበት ዋዜማ፣ ይህንኑ ባንዲራ ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣ ነጭ ወጣት በቻርልስተን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የተሰበሰቡ 9 ጥቁሮችን ገድሎ ነበር። ዳኞቹ ፍርዱን የሠሩት ከዚያ በፊት ቢሆንም፣ አንድ ባንዲራ ማንን እንደሚያስፈራ ማስረዳት ያን ሰሞን አላስፈለገም።

ሁለቱ ፍርዶች ሲገጣጠሙ ውሉ ይህ ነው፤ መንግሥት ቃሉን በግድ አያሸክምህም፤ አንተም ቃልህን በግድ አታሸክመውም።

በዋሽንግተን ከተማ ግን ታርጋው ሌላ ሥራ ሠርቷል። ነዋሪዎቿ ግብር ይከፍላሉ፤ በኮንግረስ ግን ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላቸውም። በ2000 የከተማው አስተዳደር «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ታርጋ ማደል ጀመረ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመኪናቸው ላይ አስለጠፉት፤ ተተኪያቸው ቡሽ አስነሡት፤ ኦባማ በ2013 መለሱት። ከ2017 ጀምሮ በሚታደለው ላይ ደግሞ አንድ ቃል ተጨመረ፤ «ያለ ውክልና ግብር ይቁም»። ሜናርድ መፈክር አልሸከምም ብሎ ታሰረ፤ የዋሽንግተን ሰው መፈክሩን ተሸክሞ ስንት ዓመት ነዳ። የሚጠይቀው የኮንግረስ ድምፅ ግን ዛሬም አልተሰጠውም።