«የቀለም ቅነሳ» ወይስ «የቀለም ምጣኔ»? የአንድ ሙያዊ ስያሜ ታሪካዊ ምርመራ

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ፣ የምድር ጣቢያዋ የተቋቋመው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። የህዋ ምስል ጥናት በዚህ ረገድ የአገር ውስጥ ሥራ ሲሆን፣ የሙያው ቃላትም የተርጓሚዎች ጉዳይ ሆነዋል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚሁ አንዱን፣ ይኸውም በዲጂታል ምስል ውስጥ ያሉትን የቀለማት ብዛት ስለ ማሳነስ የሚነገርበትን ስያሜ፣ ይመረምራል።

እንደሚታወቀው፣ እያንዳንዱ የምስል ነቁጥ በ24 ቢት ሲመዘገብ 16,777,216 ቀለማትን መለየት ይቻላል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበሩት ብዙዎቹ የምስል ማሳያዎች ለአንድ ነቁጥ 8 ቢት ብቻ ስለ ነበራቸው በአንድ ጊዜ ከ256 ቀለማት በላይ አያሳዩም ነበር። ለዚህ ችግር ፖል ሄክበርት በ1982 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዘዴ አቀረበ። ዘዴው የምስሉን ቀለማት በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ልኬታቸው እንደ ሣጥን ያስቀምጣል፤ ሣጥኑን በረጅሙ ጎኑ፣ ነቁጦቹ በቁጥር እኩል በሚሆኑበት ቦታ ይከፍለዋል፤ ክፍልፋዮቹ 256 እስኪሆኑም ይህንኑ ይደጋግማል። በመጨረሻ የየክፍሉ አማካይ ቀለም የክፍሉ ወኪል ይሆናል።

ለዚህ ሥራ «ቅነሳ» የሚለው ስያሜ በቂ አይደለም። «ቀለሙ ቀነሰ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው መደብዘዙን ነው፤ እዚህ ግን የሚያንሰው የዓይነቱ ብዛት እንጂ ድምቀቱ አይደለም። «መጠነ» ከሚለው ግስ የወጣው «ምጣኔ» ግን በልክ መወሰንን ያመለክታል። «ምጥን ሽሮ» እና «የቤተሰብ ምጣኔ» የሚሉት ለዚህ ምስክር ናቸው። እርግጥ ነው፣ በሥነ ግጥም ጥናት «ቀለም» የቃል ክፍለ ድምፅ ስለሆነ «የቀለም ምጣኔ» ወደ ግጥም ልኬት ሊያሳስት ይችላል። ስለሆነም «የምስል ቀለም ምጣኔ» ብሎ መሙላት ይገባል።

ሌላው ጥንቃቄ «ምደባ» ከሚለው ስያሜ መለየት ነው። ከየካ እስከ እንጦጦ ባለው ሰንሰለት ላይ አገር በቀሉ ጽድና በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ይገኛሉ። ምጣኔ የሁለቱን አረንጓዴ ቀለም ተቀራራቢ ሆኖ ካገኘው በአንድ ወኪል ያጠቃልለዋል፤ የዛፉን ምንነት ግን አያውቅም። ምደባ ግን «ይህ ጽድ ነው፤ ያ ባሕር ዛፍ ነው» እያለ ትርጉም ይሰጣል። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተጠሩ፣ የሪፖርቱ አንባቢ በማሳያው አቅም ምክንያት የተዋሐደውን ቀለም የአንድ ዓይነት ደን ማስረጃ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ የአገር በቀሉ ደን ስፋትም በዚያው ልክ ይዛባል።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ለቀለማት ብዛት መወሰን «የምስል ቀለም ምጣኔ»፣ ለተመረጡት ቀለማት ስብስብ «የወኪል ቀለማት ሰንጠረዥ»፣ ትርጉም ለመስጠቱ ሥራ ደግሞ «ምደባ»።