የፎገራ ሩዝና የዕውቀት አገባብ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ጥቁር አፈር ነው። የአገሩ ገበሬ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራ፣ ሣሩንም በወተታቸው ለታወቁት የፎገራ ላሞች ያውል ነበር። የሩዝን እርሻ ግን አያውቅም ነበር።

ሩዝ በዚህ ሜዳ የተለመደው በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በአምራቾች ማኅበራት እርሻ ላይ ካደረጉት ሙከራ ወዲህ ነው። ለብዙ ዓመታት የገነነው ዘር «ኤክስ ጅግና» መባሉም ጅግና ከተባለው ቀበሌ የተነሣ ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መርሕ ታውጆ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙም አብሮ ይጠፋል ተብሎ ሊታሰብ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በየገበሬው ማሳ እየገባ ተስፋፋ።

ምክንያቱን ለመረዳት ገበሬው አዲሱን ነገር ከምን ጋር እንዳዛመደው መመልከት ይገባል። ሩዙን ውሃ በሚተኛበት፣ ሌላ እህል እምብዛም በማይሆንበት መሬት ላይ ዘራው፤ ችግኝ አፍልቶ ከመትከል ይልቅ ዘሩን እንደ ጤፍ በእጁ በተነው፤ ሩዙ ሳይታጨድ ጓያውን ከሥሩ ጣለበት፤ ገለባውን ለከብት ሰጠ። ሴቶችም ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት። እንግዳው እህል ነባሩን ዕውቀት ተንተርሶ ቤተኛ ሆነ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ኦዝቤል እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ለመማር ዋናው ነገር ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው እንደ ሆነ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ታሪክ ግን ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አልተጓዘም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰጥ ጀመር። የታሰበው በጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቴሌቪዥኑ ተማሪው ሲጠይቅ አይቆምም፣ ሲሳሳትም አይሰማም። በጥንቱ ቅኔ ቤት እንኳ ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም ሰምተው ያርማሉ።

ይህም ሲባል የገበሬው ልምድ ብቻውን ሳይንስ ይሆናል ማለት አይደለም። ሽምብራን የሚያበሰብሰው ውሃ ሩዝን የማያፍነው ስለምን እንደ ሆነ ዓይን ብቻውን አይናገርም። አየር በሩዙ ቅጠልና አገዳ ውስጥ ባሉ ክፍት ቦታዎች አልፎ ወደ ሥሩ እንደሚወርድ የሚያስረዳው ትምህርት ነው። ነገር ግን የፎገራ ልጅ የሽምብራውን መበስበስና የሩዙን መለምለም በአባቱ ማሳ አይቷል። የጥያቄውን እኩሌታ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል ማለት ነው። መምህሩ ከዚያ ቢነሣ መልሱ ማረፊያ ያገኛል፤ ያንን ዘልሎ ቢጀምር ግን ቃሉ ለፈተና ተጠንቶ ከፈተና በኋላ የሚረሳ ይሆናል።