የብረት ቆቡ ማጥለያ ሲሆን

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ፈረንጆቹ «የቁንጫ ገበያ» የሚሉትን ነገር ለመረዳት አትቸገሩም። ስሙ ያስቃል እንጂ ነገሩ ያው ነው። የሟች ዕቃ፣ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን። በርሊን ውስጥ ቅዳሜና እሁድ «የጁን 17 ጎዳና» በሚባለው ሰፊ መንገድ ዳር ይዘረጋል። ብራስልስ ላይ ደግሞ ዡ ደ ባል አደባባይ ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ይነጠፋል። በእንደነዚህ ያሉ ገበያዎች፣ በግሳንግሱ መሃል፣ አንዳንዴ አንድ ዕቃ ብቅ ይላል፤ የጀርመን ወታደር የብረት ቆብ። እሱን ፍለጋ ብቻ ጎህ ሳይቀድ ባትሪ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ።

መቼም የናዚ ዘመን ዕቃ ሰብሳቢ ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ወደ ክፉው ይሄዳል። ክፉዎቹ የሉም አንልም። ይሁንና ብዙው ሰብሳቢ የቴምብር ሰብሳቢ ዘመድ ነው፤ የሚያስጨንቀው የሂትለር ሐሳብ ሳይሆን የብሎኑ ዓይነት ነው። እኛን የሳበንም ይኸው ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች ሳትመልሱ አንድ መስመር አትጻፉ ተብለናል። እስቲ ቆቡን በነዚህ ጥያቄዎች እንፈትሸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ«ለምን» እንጀምር። በ1914 ጀርመኖች ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ የደፉት አናቱ ላይ ሹል የቆመበትን የቆዳ ቆብ ነበር፤ ፕሩሲያ ከ1842 ጀምሮ የምትኮራበትን። ለሰልፍ ያምራል። ምሽግ ውስጥ ተቀምጠህ መድፍ ከላይ እየፈነዳ ፍንጣሪ ሲያዘንብብህ ግን ቆዳ ምን ያደርግልሃል? አውጉስት ቢየር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1915 ከቁስለኞች ጭንቅላት ውስጥ ፍንጣሪ በማግኔት ያወጣ ነበር። አንድ ነገር አስተዋለ። ገዳዩ ብረት ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ ነው፤ ስስ ብረት ቢደረብ ኖሮ ይመክተው ነበር። ከሃኖቨር የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከመጣው ከፍሪድሪሽ ሽቬርድ ጋር ተማከሩና ግንባርን፣ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍነው ቆብ ተሠራ። በ1916 መጀመሪያ ለቨርደን ውጊያ ታደለ። እንግዲህ በኋላ ዓለምን ሲያስፈራ የኖረው ያ ቅርጽ መነሻው የሐኪም ጭንቀት ነው። (በ1980ዎቹ አሜሪካኖች ከኬቭላር የሠሩት አዲስ ቆብ ይህንኑ ቅርጽ ስለመሰለ ወታደሮቻቸው «ፍሪትዝ» ብለው ጠርተውታል። ጠላት ሲያምር እንዲህ ነው!)

«መቼ» የሚለውን ጥያቄ አውራ ጣት ይመልሰዋል። በ1935 የወጣው አዲስ ቆብ ከአባቱ ያነሰና የቀለለ ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ አየር ማስገቢያው ቀዳዳም ለብቻው የተሠራ ቀለበት ተገጥሞለታል። በ1940 ቀለበቱ ቀረ፤ ቀዳዳው ከራሱ ከቆቡ ብረት ተበሳ። በ1942 ደግሞ ጠርዙን ማጠፍም ቀረ። ጣታችሁን ስታስኬዱበት ጥሬ የተቆረጠ ብረት ይነካችኋል። ሀገሪቱ ጊዜም ብረትም እያጠራት መሄዱን ይህ ጠርዝ ይናገራል። በውስጥ በኩል፣ በግራው ጎን ላይ፣ የፋብሪካው ምልክትና ቁጥር ተመትቷል። «ኢ» እና «ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ከሆኑ በሃርዝ ተራራ ሥር ካለችው ከታለ ከተማ ነው፤ «ኪው» ከሆነ ኤስሊንገን ከነበረው ከክቪስት ፋብሪካ። ቁጥሩ የብረቱን ልክ ይነግራል። 64 የሚለው ራሱ 56 ወይም 57 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው። ስምንት ጣት ያለው የቆዳ ገበር ከነማሰሪያው ካለ ሰብሳቢው ልቡ ይዘላል።

«ምን» ላይ ስንደርስ ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህን የመሰለ ቆብ ሁሉ የናዚ አይደለም። ፊንላንዶች ደፍተውታል፤ በ1930ዎቹ የቺያንግ ካይሼክ ቻይና ጦርም ደፍቶታል። የአየርላንዱ ከሁሉም ያስቃል። አይሪሾች በ1920ዎቹ የጀርመኑን ዓይነት ፈለጉ፤ ጀርመን ግን በቬርሳይ ውል ምክንያት የጦር ዕቃ ወደ ውጭ መሸጥ ተከልክላለች። ስለዚህ የጀርመኑን ቆብ ቪከርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሠራላቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋውን የሚሰቅለው ብረቱ ሳይሆን ጎኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ነው። ከ1935 በኋላ የእግረኛው ጦር ቆብ በቀኝ በኩል ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ጋሻ፣ በግራ በኩል ንስር ነበረው። የባለሦስት ቀለሙ ጋሻ በ1940 እንዲቀር ታዘዘ፤ ንስሩም በ1943። ስለዚህ ሁለቱም የቀሩለት ቆብ ብርቅ ነው፤ የኤስ ኤስ ምልክት ያለው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወደዳል። እዚህ ላይ ነው ምናለሽ ተራ ጉዱን የሚያወጣው። እውነተኛ አሮጌ ቆብ ይገዛል፣ አዲስ ምልክት ይለጠፍበታል፣ ጭረትና ቆሻሻ ይታከልበታል፣ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ይባልና ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። በጀርመን ሕግ ደግሞ፣ በወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 86-ሀ፣ ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየት ያስቀጣል፤ ለታሪክ፣ ለትምህርትና ለሥነ ጥበብ ካልሆነ በቀር። ንስሩ ስዋስቲካ በእግሩ ስለጨበጠ ሻጮች ትንሽ ወረቀት ይለጥፉበታል። ሁሉም ሰው ከወረቀቱ ሥር ያለውን ያውቃል፤ ዋጋው የሚጠራውም ለዚያ ነው።

እኛ ግን ብንገዛ የምንገዛው ሌላ ነው። በ1945 ጀርመን ስትፈርስ ሕዝቡ ድስት አልነበረውም፤ የብረት ቆብ ግን በየቦታው ተቆልሎ ነበር። ስለዚህ ቆቡን ወሰዱት። ቀዳዳ በሱትና እጀታ አበጁለት፣ የድንችና የፓስታ ማጥለያ ሆነ። ሌላው እንዳለ ድስት ሆነ። ገበሬው ረጅም እንጨት ሰካበትና የከብት ሽንትና እበት መቅጃ አደረገው። የኛ ቆራሌው ከበርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ሲያወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። እነዚህ ማጥለያዎች ዛሬ በጀርመን የታሪክ ሙዚየሞች ይታያሉ። ገበያው ላይ ግን ንስር ካለው ቆብ አጠገብ ዋጋቸው ምንም አይደለም፤ «የተበላሸ» ነው የሚባሉት። እኛ ደግሞ የወታደሩንም፣ የረሃቡንም፣ ሴትየዋ ልጆቿን ያበላችበትንም ቀን አንድ ላይ የያዘ ቆብ እንዴት ተበላሸ ይባላል እንላለን።

«ማን» እና «የት» የቀሩት ጥያቄዎች ናቸው፤ ገበያውም ብዙ ጊዜ የሚያጠፋቸው እነሱን ነው። አንዳንድ ወታደር በቆቡ የኋላ ጠርዝ ውስጥ ስሙን ጽፏል። ያን ጊዜ ታሪኩን መከተል ይቻላል። ከመሬት የወጡት ዝገታሞቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከበርሊን ደቡብ ምሥራቅ ሃልበ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። በሚያዝያ 1945 የተከበበ የጀርመን ጦር በጫካዋ ውስጥ ሰብሮ ለመውጣት ሲሞክር አለቀ፤ ከወታደሩ ጋር ይሸሽ የነበረ ሲቪልም አብሮ አለቀ። በመቃብር ሥፍራዋ ከ20,000 በላይ ሰው ተቀብሯል። ከጫካው ዛሬም አጽም ይወጣል። የጦር መቃብሮችን የሚንከባከበውና በ1919 የተቋቋመው የጀርመን ማኅበር የሚያገኘውን ሁሉ በስም ለመቅበር ይጥራል። ሌሊት ሌሊት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው ጫካ የሚገቡ ሰዎች ግን የሚፈልጉት ቆቡን ነው።

ወታደሩ አንገቱ ላይ መሃሉ በቀዳዳ የተከፈለ ሞላላ ብረት ነበረው። ሲሞት ግማሹ ተሰብሮ ለሪፖርት ይላካል፣ ግማሹ ከሬሳው ጋር ይቀራል። ስም የለበትም፤ የክፍሉና የራሱ ቁጥር ነው ያለው። ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ በርሊን ነው፤ ከ2019 ጀምሮ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ሥር። ብረቱ ሳይሰበር ሙሉውን ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ሞቱን ያስመዘገበ ሰው የለም ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ጋ «የደረሰበት አልታወቀም» እንደተባለ ቀርቷል። ብረቱና አጽሙ አንድ ላይ እስካሉ ድረስ ሰውየውን በስሙ መቅበር ይቻላል። የቁንጫ ገበያው ላይ ግን ቆቡ በአንዱ ጠረጴዛ፣ ያልተሰበረው ሞላላ ብረት ደግሞ ከሌላ ነጋዴ ዘንድ፣ ከአሮጌ ቁልፎችና ሳንቲሞች ጋር ተደባልቆ በአንድ ሳህን ውስጥ ይሸጣል።